አሮጌው ቴሌቪዥን ከአዲሱ ጎን

ስምንት ዓመት ቴሌቪዥን ስሸጥ፣ ስጠግንና አንቴና ስተክል ኖሬ አስተማሪ ከሆንኩ ገና ሁለተኛ መንፈቄ ነው። ከመተማ ድንበር ማዶ፣ ገዳሪፍ ውስጥ፣ የእኛ ሰዎች ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት የስድስተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ሞገድ ሳስረዳ፣ «ሞገዱ ሲደክም ቴሌቪዥኑ ላይ ጉንዳን ይታያል» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና ዞር አልኩ። ክፍሉ በሙሉ አፉን ይዞ ያየኛል። አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ጉንዳኑ በየት ገብቶ ነው?»

ከመካከላቸው አንድም ልጅ አይቶት አያውቅም። ስምንት ዓመት ስታገለው የኖርኩት፣ እንጀራዬን የጋገረልኝ፣ ሰውንም ያሳዘንኩበት ነገር፣ እነዚህ ልጆች ነፍስ ሳያውቁ ጠፍቷል። ከክፍል ስወጣ ይህን ለመጻፍ ወሰንኩ።

መጀመሪያ ላስረዳ። በድሮው ስርጭት፣ ማለትም በአናሎጉ ጊዜ፣ ከማሰራጫው ምሰሶ እየራቅህ ስትሄድ ምስሉ ቀስ በቀስ ይደክማል እንጂ ድንገት አይቆረጥም። መስተዋቱ ላይ ነጭና ጥቁር ነጥብ እየተርመሰመሰ ይመጣል። እኛ ያንን ጉንዳን እንለው ነበር። በጉንዳኑ መሀል ግን ሰው ይታያል፣ ድምፅም ይሰማል። ዲጂታሉ እንዲህ አይደለም። ወይ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ ወይ ምንም የለም። መካከለኛ የሚባል ነገር አያውቅም። ይህችን ልዩነት ዛሬ በሁለት መስመር እጽፋታለሁ። ያኔ የተማርኳት ግን በሌላ ሰው ዕንባ ነው።

ወደ ገዳሪፍ የመጣሁት ከአባቴ ጋር ነው፤ እሱ ለሰሊጥ አጨዳ፣ እኔ እሱን ተከትዬ። ሁለተኛ ደረጃ ስጨርስ ገበያው ውስጥ ያለ የቴሌቪዥን ሱቅ ተቀጠርኩ። ባለቤቱ የጎንደር ሰው ናቸው፣ እድሪስ ይባላሉ። እዚህ አጎትን «አሚ» ስለሚሉ ትንሹም ትልቁም አሚ እድሪስ ይላቸዋል። ደሞዜ በየሳምንቱ ነበር፤ ምሳ ፉል ከእሳቸው ጋር በአንድ ሳህን። የሥራ ፈቃዱን፣ ተስሪህ የሚሉትን፣ በየጊዜው ለማሳደስ አንድ ሙሉ ቀን ወረፋ ይፈጃል። ስለ ወረቀቱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ስለ አሚ እድሪስ ግን አለኝ። የቴሌቪዥን ጀርባ ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። ብሎኖቹን በነጭ ጨርቅ ላይ በወጡበት ቅደም ተከተል ይደረድራሉ፤ አንዱ ከተራው ከወጣ ሥራቸውን አቁመው እስኪያስተካክሉት አይቀጥሉም። ደንበኛ ሲመጣ ዋጋ አይናገሩም። «ምን ልታይበት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሰውየው ቢገርመውም መመለስ አለበት። አንዱ ኳስ ይላል፣ ሌላው ዜና፣ ሌላው «ምሽቴ ዝም እንድትል» ይላል። እሳቸውም ስቀው፣ «እንዲህ ያለ ዕቃ እኔ ዘንድ የለም፣ ወላሂ» ይላሉ።

አንቴና ሲያዞሩ ደግሞ ጀርባቸውን ለመስተዋቱ ሰጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። የሚያዳምጡት ሽሽታውን፣ ያንን የጉንዳኑን «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ነው። ሽሽታው ሲሳሳ እጃቸው ይዘገያል፤ ሊጠፋ ሲል ይቆማሉ። «ዓይን ይቸኩላል» ይሉኝ ነበር። «አንተ ምስሉ ሲመጣ ደስ ብሎህ ትለቀዋለህ። ጆሮ ግን ገና አንድ ጣት እንደሚቀር ያውቃል።»

አንድ የማይሻር ደንብም ነበራቸው። አዲስ ቴሌቪዥን የገዛ ሰው አሮጌውን በልዋጭ ቢሰጥም፣ አሮጌው አንድ ሳምንት ከአዲሱ ጎን በቤቱ መቀመጥ አለበት። ሳምንቱ ሲያልቅ ሄደው ያመጡታል። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ «ሱቅ ውስጥ የሠራ ሁሉ ቤት ውስጥ አይሠራም» ከማለት በቀር አላብራሩልኝም። እኔ ደግሞ ያልተብራራ ነገር አይገባኝም፤ የሰው አመል ነው ብዬ አለፍኩት።

ለሱቁ ፋው በምትባል ከተማ ሁለት ዓመት አንቴና ተከልኩ። ኒው ሀልፋ ላይም አንድ ወቅት ሠርቻለሁ። እዚያ አንድ የስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ምስሉ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ በአሥራ አንድ ሰዓት ይጠፋበታል። ገመዱን ቀየርኩ፣ መሰኪያውን በየድኩ፣ ለሰውየው ስለ አየር ሙቀትና ስለ ሞገድ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁት። አሚ እድሪስ መጥተው ግቢው ውስጥ ወንበር አስወጡና ሻይ እየጠጡ ጠበቁ። በአሥራ አንድ ሰዓት አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ መላጣ ወፍ፣ መጥቶ አንቴናው ላይ ተቀመጠ። አንቴናው በክብደቱ ዘወር አለ። ምስሉም ጠፋ። አሚ እድሪስ ሻያቸውን ጨረሱ። እኔም ሳቅኩ እንጂ አልተማርኩበትም።

ከዚያ ገላባት ላይ ትንሽ ሱቅ ከፈቱና ለእኔ ሰጡኝ። ገላባት ድንበሩ ላይ ናት፤ ከማዶ መተማ ይታያል። ከመተማ በኩል ካለው ምሰሶ የሚመጣውን የኢትዮጵያ ስርጭት ሰው በተራ አንቴና ያይ ነበር። ከገላባት ወደ ዶካ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉት የሰሊጥ እርሻዎችም፣ መሽሩዕ የሚባሉት፣ በጉንዳን የተሞላም ቢሆን ያገኙታል። ሎሪ ለአንድ ሰዓት ያህል ከሚሄድበት ርቀት እንኳ የአገራቸውን ሰው ድምፅ ይሰማሉ።

ዲጂታሉ ሲጀመር የመጀመሪያውን አዲስ ቴሌቪዥን ገላባት ሱቅ ውስጥ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ዜና አንባቢዋ ብቅ ስትል ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። የቅንድቧ ፀጉር ይቆጠራል። ሱቁን የሞላው ሰው ትንፋሹን ዋጠ። አንድ ሸቃይ፣ «ይቺ ሴትዮ እስከ ዛሬ ጠባሳ ነበራት እንዴ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስረዳት ሆነ ሥራዬ። ለገባው ሁሉ ነጭ ወረቀት ላይ ምሰሶና ቀስት እየሳልኩ እነግራለሁ፤ «አሮጌው አልቆለታል፤ ከእንግዲህ በአሮጌው የሚመጣ ነገር የለም።» እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ሁለቱም ስርጭቶች ጎን ለጎን እየሄዱ ነበር፤ አሮጌው የሚዘጋው ከወራት በኋላ ነው። እኔ ግን «ይዘጋል» የሚለውን «ተዘግቷል» አድርጌ ነበር የምናገረው። አጭር ነው፣ ሰውም ቶሎ ይገዛል።

እትዬ ዘነቡ የመጣችው በአጨዳ ወቅት፣ ሐሙስ ቀን ነው። ከቋራ የመጣች፣ ከዋናው መንገድ ዳር ባለ አንድ መሽሩዕ ለሸቃዮች ወጥ የምትሠራ ሴት ናት። ጀርባው የተቆለለ አሮጌ ቴሌቪዥን በአንሶላ ጠቅልላ በሎሪ ይዛ መጣች።

«ምን ልታዪበት ነው?» አልኳት፣ የአሚ እድሪስን አባባል እንደ ልማድ።

«ልጄን» አለች።

ልጇ ብርቱካን ጎንደር አክስቷ ዘንድ ነው ያደገችው። እትዬ ዘነቡ ድንበሩን ስትሻገር ልጅቱ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። በስልክ ይነጋገራሉ፤ ነገር ግን የአክስቷም የእሷም ስልክ ባለ ቁልፉ ነው፤ ፎቶ አይቀበልም። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ብርቱካን ለትምህርት ቤቷ በጥያቄና መልስ ውድድር ልትቀርብ ነው፤ በቀጥታ፣ አንዴ ብቻ። የአካባቢ ፕሮግራም ስለሆነ በዲሽ አይመጣም፤ ከምሰሶው ብቻ ነው።

«በአሮጌው ጉንዳኑ ፊት አያሳይም» አለች። «ድምፅ እንጂ ፊት የለም። ፊቷን ማየት ነው የምፈልገው።»

አዲሱን ከፈትኩላት። ማስታወቂያ ላይ ያለ ሕፃን ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ታየ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ቤትም እንዲህ ነው?»

«እንዲያውም!» አልኳት። ወረቀት አውጥቼ ምሰሶውን ሳልኩላት፣ ቀስቱን ሳልኩላት።

ሎሪው ጥሩምባ እየነፋ ነበር። ቤቷ ሄጄ አንቴናውን ልተክልላት ይገባ ነበር፤ ሱቁን የሚጠብቅልኝ ሰው ስላልነበረ «በድሮው አንቴና ይሠራል፣ ሰክተሽ መክፈት ብቻ ነው» ብዬ ላክኋት። አሮጌው አንድ ሳምንት ይቆይልሽ ማለትም ነበረብኝ። ሎሪው ላይ ጫንኩላት አዲሱን፤ አሮጌው ሱቅ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ፈታሁት፤ ውስጡ ለመለዋወጫ የሚሆን ብዙ ነገር ነበረው።

ዓርብ አሚ እድሪስ ከገዳሪፍ መጡ። ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን አዩ።

«ይህ የማን ነው?»

«የአንዲት ሴትዮ። ትናንት በአዲስ ለወጠችው።»

«ቤቷ የት ነው?»

ነገርኳቸው። መዳፋቸውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳረፉ።

«እዚያ ድረስ ዲጂታሉ መድረሱን ሄደህ አየህ?»

«አሚ፣ ምሰሶው እኮ አንድ ነው፤ አናሎጉ ከደረሰ…»

«አየህ ወይ ነው ያልኩህ፣ ያ ወለዲ።» ልጄ ማለታቸው ነው።

«አላየሁም።»

ቅዳሜ በጠዋት ረጅም ቱቦና ትልቅ አንቴና ጭነን ወጣን። በመንገድ ላይ ሎሪው ሁለት ጊዜ ተበላሽቶ ስምንት ሰዓት ላይ ደረስን። ሸቃዮቹ ልብሳቸውን አጥበው፣ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር በሰሊጥ ጆንያ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። እትዬ ዘነቡ አዲስ ሻሽ አስራለች። ቴሌቪዥኑ በርሜል ላይ ተቀምጧል፤ ጥቁር ነው። መሀሉ ላይ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ይንሸራሸራል።

«ባሽሙሀንዲስ መጣ!» አለ ደሴ የሚባል ሸቃይ። ኢንጂነርን እዚህ እንዲህ ነው የሚሉት። «እኛ እኮ ከሐሙስ ጀምሮ ይህን ጽሑፍ እያየን ነው፤ መጨረሻው ምንድን ነው?»

ሁሉም ሳቁ። እትዬ ዘነቡም ሳቀች፤ መጥተናላ።

አንቴናውን ቱቦው ጫፍ ላይ አስረን አቆምን። አሚ እድሪስ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቱቦውን ያዙ። ማዞር ጀመሩ። ዝም ነው። አዲሱ ቴሌቪዥን ሲግናል ሲያጣ አይሽም፤ ድምፅ የሚባል የለውም። ዓይናቸውን ገለጡና መስተዋቱን አዩ። ጥቁር ነው። እንደገና አዞሩ፤ ጥቁር። ሜኑው ውስጥ ያለውን የሲግናል መስመር ከፈትኩ፤ ዜሮ ላይ ተቸክሏል።

«ምን ልስማ?» አሉኝ በሹክሹክታ። «ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ የሚነግረኝ ነገር የለም።»

ሠላሳ ዓመት የሠሩበት እጅ ቱቦው ላይ ደርቆ ቀረ። እኔ እሳቸውን እንዲያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። የመሽሩዑ ወኪል ሬድዮ ሰዓቱን ሲናገር ሁላችንም ሰማን። ማንም አልተንቀሳቀሰም። እትዬ ዘነቡ መስተዋቱ ፊት ቁጭ ብላለች።

«ጀመረ?» አለች።

«ጀምሯል» አልኳት።

አሚ እድሪስ ቱቦውን ለቀቁና ወደ ሸቃዮቹ ዞሩ። «ወገኖቼ፣ እዚህ አካባቢ አሮጌ ቴሌቪዥን ያለው ሰው የለም? አሮጌው ካለ የአንቴናውን አቅጣጫ በእሱ እናገኘዋለን። ባይሆንም በራሱ እናያለን።»

«ከኾሩ ማዶ ያሉት አላቸው» አለ ደሴ። ኾር የሚሉት በበጋ የሚደርቀውን ወንዝ ነው። «ግን ሞቷል ተብሎ በጆንያ ሸፍነውታል።»

«አናሎጉ እኮ አልተዘጋም! ማነው ሞቷል ያለው?»

ሸቃዮቹ አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ደሴ ብቻ፣ ሳይስቅ፣ «ባሽሙሀንዲስ ነው ያስረዳን» አለ። «ወረቀት ላይ ስሎ።»

አሚ እድሪስ አዩኝ። አልተቆጡም። የደነገጡት ድንጋጤ ከቁጣ የባሰ ነበር። እትዬ ዘነቡ ነጠላዋን በጥርሷ ያዘችና መሮጥ ጀመረች።

የኾሩ አሸዋ እግር ይውጣል። አሚ እድሪስን ደሴ በክንዳቸው ደገፋቸው። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ማዶ ስንደርስ እትዬ ዘነቡ ጆንያውን ገፍፋ፣ ሰዎቹ ምን እንደሆነች ሳይገባቸው ባትሪው ላይ ሰክተውላት ነበር። አሮጌ ቴሌቪዥን ለመሞቅ ጊዜ ይፈልጋል። ያቺ ጊዜ የሰው ዕድሜ ያህል ረዘመችብኝ። ከዚያ ሽሽሽ አለ፤ ጉንዳኑ መስተዋቱን ሞላው።

አሚ እድሪስ እያለከለኩ የዛፍ ግንድ ላይ የታሰረውን አንቴና ያዙ። ጀርባቸውን ሰጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሽሽታው ሳሳ፤ እጃቸው ዘገየ። ከሽሽታው ውስጥ የሰው ድምፅ ወጣ። «…ለተሳተፋችሁት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ምስጋናችን…»

እያለቀ ነበር። በጉንዳኑ መሀል አምስት ልጆች ተሰልፈው ቆመዋል። አንድ ዓይነት ዩኒፎርም፣ አንድ ዓይነት ቁመት፣ ፊታቸው የተርመሰመሰ። እትዬ ዘነቡ ተንበርክካ መስተዋቱን ልትነካው ደረሰች።

«የቷ ናት?» አለች።

ልጇን የምታውቀው እሷ ናት፤ እኛን ትጠይቃለች።

«የቷ ናት? እባካችሁ፣ የቷ ናት?» ጣቷ ከአንዷ ወደ አንዷ ሄደ። «ይቺ ናት። መሀል ያለችው። አዎ፣ ይቺ ናት።» መዳፏን መሀል ያለችው ላይ አሳረፈች። ከጥቂት ትንፋሽ በኋላ ልጆቹ ጠፉና የሳሙና ማስታወቂያ መጣ።

በዚያ አካባቢ ስልክ የሚሠራው ኩይሳ ላይ ሲወጣ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ እትዬ ዘነቡ ኩይሳው ላይ ቆማ ስልኳ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርጋው ነበርና እታች የቆምነው ሁሉ ሰማን።

«እማዬ! አየሽኝ?»

«አየሁሽ።»

«ጫፍ ላይ እኮ ነበርኩ፣ በቀኝ በኩል! መጨረሻ ላይ ለአንቺ ብዬ እጄን አነሳሁ፤ አየሽው?»

መዳፏ ያረፈው መሀል ላይ ነበር። እትዬ ዘነቡ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች፣ መልሳ አስጠጋች።

«አየሁት፣ ልጄ። አምሮብሻል።»

ስትወርድ ወደ እኔ መጣች። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«አንተ ሁሉን ታስረዳለህ» አለችኝ። «ጫፍ ላይ ያለችው ምን ትመስላለች? እስቲ ንገረኝ።»

እኔ በዚያ ሰዓት ሳይ የነበረው ጉንዳኑን ነው፤ ስርጭቱ አለመዘጋቱን እያየሁ ነበር የደነገጥኩት። ልጆቹን አላየሁም። አሚ እድሪስ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር።

«እኔ አይቻታለሁ» አለ ደሴ። ባርኔጣውን አውልቆ ነበር። «በቀኝ ጫፍ ያለችው። ቀጭን ናት። እጇን ስታነሳ ጎኗ ያለችው ልጅ ገፋ አደረገቻት፣ ሳቀች። ስትስቅ አፏን በመዳፏ ሸፈነች።»

እትዬ ዘነቡ አየችው። እውነት ይሁን ልታረጋግጥ ፊቱን ፈተሸች። ከዚያ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ ሳይለይ ድምፅ አወጣችና አፏን በመዳፏ ሸፈነች። ደሴ፣ «እንደዚሁ!» ብሎ ጮኸ። «ወላሂ እንደዚሁ!»

የማዶውን ቴሌቪዥን አሚ እድሪስ በአዲስ ለወጡትና ለእትዬ ዘነቡ ሰጧት። በማግስቱ በዚያው ሽሽታ አቅጣጫውን አግኝተው፣ ቱቦውን በአንድ ቱቦ አስረዝመው አዲሱንም አሠሩላት። ሁለቱ በርሜል ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ገላባት ተመለስን። ሱቅ ስንገባ የፈታሁትን ቴሌቪዥን ብሎኖች አንድ በአንድ ለቅመው ጨርቁ ላይ ደረደሯቸው። ከቅደም ተከተሉ ሁለቱ ጠፍተው ነበር።

ከዚያ በኋላም እስከ መጨረሻው ወር ድረስ ሠራሁ። አናሎጉ የተዘጋ ዕለት እትዬ ዘነቡ ዘንድ ነበርኩ፤ አሮጌውን ልወስድላት ነበር የሄድኩት። አዲሱ ላይ ዜና ጥርት ብሎ ይነበባል። አሮጌውም በርቷል፤ ጉንዳን ብቻ።

«ዘግተውታል፣ እትዬ» አልኳት። «ይህኛው አሁን ባዶ ነው። ሄጄ አይቼ ነው የምነግርሽ፤ በሁለት ቤት አረጋግጫለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ላንሳልሽ?»

ድስቷን አማስላ ክዳኑን መለሰችና በርሜሉ ፊት ቆመች።

«ተወው» አለች። «እዚህ ውስጥ ነው የነበረችው።»